ዶዮገና ላይ የጎደሉን አሥራ አንድ ጥሪዎች

ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ፣ አንዲት የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር። ስልኬ ቻርጅ አልቀበል ብሎኝ ነው። ጠጋኙ ካውያውን አግሎ ሊዱን ሲነካው ቀጭን ጢስ ወጣች። ያቺ የቀለጠ ሊድና የሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ስትገባ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አንድ ብስጭት ከነሙሉ ክብሩ ተነሣብኝ። ሰው የፍቅረኛውን ሽቶ ያስታውሳል፤ እኔ የማስታውሰው የተበየደ ሽቦ ነው። ይህንኑ እያሰብኩ ሳለ ከኋላዬ አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ያንን ራዲዮ ያስወሰድክብን ሰውዬ! እስካሁን አለህ?» አለች።

ዞር ስል ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ የጣለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ሳቋ ነው ያስታወሰኝ።

«አስቴር?»

«ወይዘሮ አስቴር በል። ሰባት የልጅ ልጅ አለኝ።»

«ራዲዮውን ያስወሰድኩት እኔ አይደለሁም። ደንቡ ነው።»

«ይኸው!» አለችው ለጠጋኙ፣ እሱ ምን እንደምታወራ ሳያውቅ። «ፀጉሩ ነጣ እንጂ ሰውየው ያው ነው። አሁንም ደንብ!»

ዕድሜዬን በሙሉ በጋዜጠኝነት የሠራሁት ነገርን በቅደም ተከተል በማስቀመጥ ነው። ስለዚህ አስቴር ለማያውቀኝ ጠጋኝ በሦስት ዐረፍተ ነገር የነገረችውን፣ እኔ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ዓመቱን ልተወው። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ለመድረስ ማለዳ ተሳፍረን አመሻሹ ላይ አቧራ ለብሰን እንወርድ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ያለችው አንዲት ካሴት ናት፤ ስታልቅ ሾፌሩ ይገለብጣታል፣ ስታልቅ ይገለብጣታል። ወራቤ ስንደርስ ዘፈኑን ከዘፋኙ በላይ አውቀው ነበር። እኔ ከታች ሰፋ ያለ የቴትሮን ሱሪ ለብሼ ነበር፤ ለገጠር ዘገባ ከዚህ የባሰ ልብስ አልተሠራም። ዛሬ በአስፋልት ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ይደረሳል፤ እዚያው ላይ ደግሞ ስለ መንገዱ ርዝመት የሚያማርሩ ወጣቶች አሉ። እኔ መልስ አልሰጣቸውም።

የተላክሁት አማተር የራዲዮ ኦፕሬተሮችን ልዘግብ ነው። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የላቸውም፤ ዜናም ሙዚቃም አያሠራጩም። ሥራቸው ራቅ ያለ ቦታ ላይ ወጥተው፣ ሽቦ ዘርግተው፣ በአጭር ሞገድ ሌላ የዓለም ጥግ ያለ ሰው መጥራትና መልስ ማግኘት ነው። ቦታው ማንም ጠርቶ የማያውቅበት ከሆነ ደግሞ ከየአገሩ የሚሻማው ጠሪ ብዛት አይጣል ነው። ግንኙነቱ እንዲቆጠር ሁለቱም ሰዎች የጥሪ መለያቸውን፣ ማለትም እንደ መኪና ታርጋ በፊደልና በቁጥር የተሠራ ስማቸውን ይለዋወጣሉ፤ ድምፁ እንዴት እንደሚሰማ በቁጥር ይነጋገራሉ፤ በመዝገብ ይጻፋል። ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ነው። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ አሥር ሰከንድ ይፈጃል። አሥር ሰከንድ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ቁጥር ነው።

መምህር ሳሙኤል ሆሳዕና ውስጥ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ በካኪ ኮቱ ኪስ ሁልጊዜ ፒንሳ የማይጠፋው የሀድያ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ሞገድ ያስተማረው ገመድ ከበር እጀታ ጋር አስሮ እያወዛወዘ ነበር። አዲስ አበባ ተፈትኖ የኦፕሬተርነት ወረቀት ሲያገኝ፣ እዚያ ያሉ የሙያ ባልደረቦቹ አንድ መሣሪያ እንደሚያውሱት ነገሩት። ነገሩ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከአካባቢው ከፍታ ላይ መቶ ግንኙነት አድርጎ ካስመዘገበ መሣሪያው ለትምህርት ቤቱ ክበብ ይቀራል። ካልሆነ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። የፈቃዱ ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ፣ ከሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይላል። ያኔ ራዲዮ መስማት አንድ ነገር ነው፣ በራዲዮ መናገር ግን ሌላ፤ ከማኅተሙ አንዲት ደቂቃ ማለፍ ማንም አያስበውም።

ቦታው ከዶዮገና ከተማ በላይ ያለ ኮረብታ ነበር፤ የአቶ ሎምባሞ ይዞታ፣ ከቤታቸው ጓሮ እንሰቱን አልፎ። መሣሪያውን በላንድሮቨር ያመጣው ኢንጂነር ጌታቸው ይባላል፤ የአዲስ አበባ ሰው፣ ሰዓቱን በየአምስት ደቂቃው የሚያይ። የትምህርት ቤቱ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አስቴር መዝገቡን እንድትይዝ መጣች፤ ወላጆቿ ከምባታ ስለሆኑ ለባለ ቤቶቹም እንድታስተረጉም። ኢንጂነሩ የሽቦውን ጫፍ በጋለ ካውያ በይዶ የቱ ባሕር ዛፍ ላይ እንደሚታሰር ሲወስን እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ቆሜያለሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሥራ አልተጀመረም፤ ጸሎት መደረግ አለበት። ጸሎቱ አለቀ፤ አቶ ሎምባሞ ምርቃት አላቸው። ምርቃቱ አለቀ፤ ቆጮና አይብ ቀረበ፤ ሳይበሉ መጀመር አይታሰብም። አራት ተኩል ላይ ሳሙኤል ማይክሮፎኑን ያዘ።

ጠራ። ወዲያው ያ ሣጥን መንጫጫት ጀመረ፤ የሰው ብዛት እንደ ገበያ ነው። ኢንጂነሩ ከጩኸቱ መሃል አንድ መለያ ለይቶ በጣቱ አሳየው፤ ጣሊያናዊ ነው። ሳሙኤል በዚያ በተረጋጋ እንግሊዝኛው መለያውን ደገመለት፣ የድምፁን ጥራት ነገረው። አስቴር ጻፈች። ደስ አለኝ። ከዚያ ሳሙኤል፣

«እንዴት ዋልክ? ጤና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለው።

ጣሊያናዊው እየተጣደፈ መለሰ፤ «ደህና ነን፤ አመሰግናለሁ።»

«ልጆችስ?»

«ቲቸር!» አለ ኢንጂነሩ። «መለያውን ተቀብለሃል። በቃ፣ ቀጣይ!»

«ኢንጂነር፣ ሰውየው ልጆች አሉኝ ሳይለኝ እንዴት እዘጋበታለሁ?»

«ባይኖሩትስ?»

«ታዲያ እሱንም ማወቅ አለብኝ እኮ።»

ጣሊያናዊው ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉት ተናገረ። አቶ ሎምባሞ «ምን አለ?» አሉ በከምባትኛ። አስቴር አስረዳች። ሳር ላይ የተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ «ያሳድግለት» አለ። ሳሙኤል ደግሞ ይህ ምርቃት ለተመረቀለት ሰው ሳይደርስ መቅረት የለበትም ብሎ በእንግሊዝኛ አስተላለፈ። ምርቃቱ ስድስት ሐረግ አለው። ጊዜውን ያዝኩት፤ አንድ ጣሊያናዊ አሥራ ሦስት ደቂቃ።

እንዲህ እያለ ዋለ። አንዱን ጀርመናዊ ስለ ዝናብ ጠየቀው፤ ገበሬ ኖሮ መልሱን በቀላሉ አልጨረሰም። አንዱን ስለ ከብቱ ጠየቀው፤ ያለችኝ አንዲት ውሻ ናት አለ። «እሷስ ደህና ናት?» በመቶ የሚቆጠር ሰው ከኋላ እየጮኸ ይጠብቃል፤ ኢንጂነሩ ቆቡን አውልቆ መልሶ ያደርጋል፣ አውልቆ መልሶ ያደርጋል። እኔ ሳሙኤልን አልፈርድበትም ነበር፤ በአገራችን ሰው መንገድ ላይ ቢገናኝ እንኳ ከቤተሰቡ ጀምሮ እስከ ጥጃው ሳይጠያየቅ አይላቀቅም። ግን በመንገድ ላይ መቶ ሰው አይሰለፍም! የቀኑ መጨረሻ ላይ ከፊንላንድ ቬይኮ የሚባል አንድ ሽማግሌ ገባ። ሳሙኤል ጤናውን ጠየቀ፤ ከዚያ «ባለቤትህስ ደህና ናት?» አለው። መልሱ ሳይመጣ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

«ሞገዱ ወደቀ፤ ዛሬ ከእንግዲህ ማንም አይሰማንም» አለ ኢንጂነሩ፤ መሣሪያውን አጠፋ። «ስንት ሆነ?»

«አሥራ አንድ» አለች አስቴር።

«አሥራ አንድ! አዲስ አበባ ገብቼ ምን እላለሁ? አስቴር፣ አሥራ አንዱን ሰው ከነቤተሰቡ ቁጠሪ ይሆን?»

«ከነቤተሰቡ ከሆነ አርባ እንሆናለን፤ ውሻዋን ጨምሮ» አለች አስቴር። እሱ አልሳቀም።

ማታ ዶዮገና ሻይ ቤት ውስጥ ኢንጂነሩ ሳሙኤልን ነገ እንዲያሳጥር አስማለው። ሊያስምለው ሞከረ ማለት ይሻላል፤ ሳሙኤል በእምነቱ መማል እንደማይፈቀድለት ነገረው፤ ቃል ግን እገባለሁ አለ። መሣሪያውን ትምህርት ቤት የት እንደሚያስቀምጠው ሳይቀር አስቦ ነበር። የላቦራቶሪውን አንድ ቁም ሣጥን አስለቅቋል፤ ቁልፍ አሠርቷል። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳየን ተናድጄበት የነበረው ነገር ትንሽ በረደ። ክበቡ ውስጥ ሰላሳ ተማሪ ተመዝግቦ እየጠበቀ ነው።

ዓርብ ሳሙኤል ሌላ ሰው ነበር። መለያ፣ ቁጥር፣ ቀጣይ። መለያ፣ ቁጥር፣ ቀጣይ። ፊቱ እንደታመመ ሰው ተጨማደደ፤ ቃሉን ግን ጠበቀ። አቶ ሎምባሞ ነገሩ አልጣማቸውም። «ይሄን ሁሉ ሰው ከደጅ ነው እንዴ የሚመልሰው?» አሉ፤ አስቴር ግን ስትጽፍ ቀና አላለችም። እኔ በየሰዓቱ ቁጥሩን እመዘግባለሁ። ሞገዱ ሲመጣ ሲጠፋ ስለዋለ ቁጥሩ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው፤ ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሰማንያ ስድስት ደረስን። የቀረን አሥራ አራት ነው፤ በአሥር ሰከንድ ሲሰላ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ያለን ጊዜ ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ኢንጂነሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። እኔ የዜናዬን መግቢያ በልቤ ጽፌ ጨርሻለሁ።

ያን ጊዜ ቬይኮ ጠራ። መለያውን ሰጠ፤ ትናንት ስለተመዘገበ እንደገና አይቆጠርም። ኢንጂነሩ «ቀጣይ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ትናንት ስለ ባለቤቴ ጠይቀኸኝ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ልመልስልህ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተራ ጠበቅሁ። በመከር ወራት ሞተች። በዚህ ራዲዮ በየቀኑ ሰው አገኛለሁ። ስለ እሷ የጠየቀኝ ግን አንተ ብቻ ነህ።»

ሳሙኤል ማይክሮፎኑን ጉልበቱ ላይ አወረደ። አስቴር ከልምድ የተነሣ አስተርጉማ ጨርሳለች። ሳሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሣ። አቶ ሎምባሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቲቸር» አለ ኢንጂነሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጽናናውና ቀጥል። አሥራ አራት ብቻ ነው።»

«ምን አለ ኢንጂነሩ?» አሉ አቶ ሎምባሞ።

«በመከር ነው እኮ የሞተችው፤ ቆይቷል» ብዬ ጣልቃ የገባሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

«እኛ የሰማነው አሁን ነው» አሉኝ አቶ ሎምባሞ በአማርኛ፣ ለእኔ ብለው። «ለእኛ ልቅሶው አሁን ነው።»

ሳሙኤል የሟቿን ስም ጠየቀ። ሄልሚ ትባላለች። ምን ያህል ጊዜ ታመመች፣ ማን አስታመማት፣ አሁን ከማን ጋር ነህ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው አንዳንዱን ይመልሳል፤ አንዳንዱን ያልፋል። ሳሙኤልም አያጣድፈውም። ያ ሲንጫጫ የዋለ ሣጥን ጸጥ ብሏል። ከዚያ አንድ ሌላ ድምፅ መለያውን ተናግሮ «አዝናለሁ» አለ። ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። ተራ አስከባሪ ሳይኖር ተራ ጠብቀው፣ እያንዳንዱ መለያውን እየጠራ አጽናናው። ከሃያ ይበልጣሉ። ኢንጂነሩ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። አስቴር ቆማ፣ ዓይኗን እየጠራረገች፣ ለሰዉ ታስተረጉማለች።

በመጨረሻ ሽማግሌው «ነገም በዚሁ ሰዓት እጠራችኋለሁ» አለ። ሳሙኤል ሰዓቱን ሳያይ፣ ደብዳቤውን ሳያስታውስ፣ «እንኖራለን» አለው። አቶ ሎምባሞም እስከ ሰልስት ሰው ብቻውን አይተውም አሉ። አሥር ሰዓት ሞላ። ኢንጂነሩ ማብሪያውን ወደ ታች አደረገው።

መዝገቡ ሰማንያ ስድስት ይላል። ሽቦው ተጠቅልሎ ራዲዮው ወደ ላንድሮቨሩ ሲወሰድ ኢንጂነሩ ጎትቶ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«እነዚያ ያጽናኑት ሰዎች መለያቸውን ተናግረዋል፤ ሰምተናቸዋል፤ የድምፃቸውን ቁጥር እኔ አውቀዋለሁ። የጻፈ ቢኖር ይቆጠሩልን ነበር። አስቴር አልጻፈችም። አንተ ጽፈሃል አይደል?»

ደብተሬን ገለጥኩ። መጨረሻ ላይ የጻፍኩት «ባለቤቴ» የሚል ቃል ነው። ከሱ በታች ገጹ ባዶ ነው። በሥራ ዘመኔ እሳት ሲነሣ ጽፌአለሁ፣ ጎርፍ ሲመጣ ጽፌአለሁ፤ እዚያ ኮረብታ ላይ ግን እጄን አጣምሬ እንደ ዘመድ ቆሜ ነበር። አስቴርን «ለምን አልጻፍሽም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«የእድር ጸሐፊ እንኳ ስም የሚጠራው ከቀብር መልስ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። «አንተስ? ሥራህ መጻፍ አይደለም?»

ከትዝታዬ ሦስት መለያ አወጣሁ፤ ለእነዚያ እርግጠኛ ነበርኩ። ኢንጂነሩ መዝገቡ ላይ ጻፋቸው። ሰማንያ ዘጠኝ።

«አሥራ አንድ ቀረን» አለኝ። «የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ፊደላቸው ብቻ ነው የጠፋን። አንተ ጻፍ፤ እኔ እፈርማለሁ። ጋዜጠኛ ሆነህ አሥራ አንድ ስም መፍጠር ያቅትሃል?»

«ያልሰማሁትን አልጽፍም» አልኩት።

«ሰምተሃል እኮ!»

«ያላስታወስኩትን አልጽፍም።»

አስቴር ያለችኝን እዚህ አልደግመውም። ሳሙኤል ግን «ልክ ነው» ብሎ ወደ ዛፉ ሄዶ የቀረውን ገመድ መፍታት ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬም አንድ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ያው ነው፤ ያው መሆኑ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል።

ብስጭቱ አላለቀም። ላንድሮቨሩ ውስጥ ከሆሳዕና ስመጣ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ራዲዮው እንዳይመታ ተብሎ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ለእኔ ቦታ የለም። እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ዶዮገና ውስጥ ድንች የሚጭን ኤንትሬ መኪና መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሰፊው ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሙኤልና አስቴር ወደ ኮረብታው ሲወጡ የተከተልኳቸው ሌላ የምሠራው ስላጣሁ ነው።

አቶ ሎምባሞ የቤታቸውን ራዲዮ አውጥተው በርጩማ ላይ አስቀምጠዋል፤ የቆዳ ልብስ ያለው፣ ዜናና ስብከት የሚሰሙበት። ጎረቤቱ እንደ ሰልስት ዙሪያውን ተቀምጧል፤ ከትናንቱ ሰው ይበዛል። ሳሙኤል አጭር ሞገዱን በጣቱ ጫፍ እየነካካ የቬይኮን ቦታ ፈለገ። እንዲህ ያለው ተራ ራዲዮ የኦፕሬተሮችን ሥርጭት ሲይዝ ቃሉን እንደማይለይ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ድምፁን የሚያስተካክለው ክፍል የለውም። መናገሪያ ደግሞ ጨርሶ የለውም።

ልክ ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሽሽ ከሚለው ድምፅ ውስጥ አንድ ነገር ተንጫጫ። ዳክዬ ይመስላል። ትንሽ ይልና ያቆማል፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ይቆያል፤ እንደገና ይጀምራል። ሳሙኤል ወደ ራዲዮው ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ «አለን፤ ሁላችንም እዚህ ነን» አለ። ድምፁ ተመልሶ ተንጫጫ። «አለን» አለ ደግሞ።

አላስቻለኝም። ሥራዬ ነው። «ቲቸር፣ አይሰማህም» አልኩት። «ደግሞ እሱ መሆኑን በምን አወቅህ? አንድም ቃል አይለይም። መርከብ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ሊሆን ይችላል።»

ሳሙኤል ቀና አላለም። አስቴር ግን ክንዴን ይዛ ሳሩ ላይ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«ዝም በል እስቲ» አለችኝ። «ሰውየው እያወራ ነው።»